የበር ጠባቂው ጥፋት

ነርሷ የታጠፈውን አረንጓዴ የኦፕራሲዮን ጨርቅ ስትዘረጋ ከእጥፋቱ መሃል አንዲት ቁራጭ ወረቀት ወደቀች። በእርሳስ የተጻፈች ናት። ነርሷም ምን እንደሆነች ሳታስብ ጮክ ብላ አነበበቻት፦ «ዛሬ በዚህ በር የገባ ነገ በእግሩ አይወጣም።»

በሽተኛው ጠረጴዛው ላይ ተጋድሞ ነበር። ማደንዘዣ ገና አልተሰጠውም። «ሱሪዬን አምጡልኝ!» ብሎ ተነሣ ይባላል። ስለ ሱሪው እርግጠኛ አይደለሁም፤ የነገረችኝ በልብስ እጥበት ክፍሉ «ሬዲዮ» የሚሏት ልጅ ናት፣ ሬዲዮ ደግሞ ወሬ ስታወራ ጨው ጣል ማድረግ ትወዳለች። ወረቀቷ መውደቋ ግን እውነት ነው። የሰውየው ቀዶ ሕክምናም ለሌላ ቀን ተላለፈ።

ወረቀቷን የጻፈችው የባሌ እህት ናት። በዚያ ሆስፒታል የልብስ እጥበት ክፍል ሃያ ሦስት ዓመት ሠርታለች፤ የመጨረሻዎቹን ዘጠኝ ዓመታት በኃላፊነት። የሥራ ጓደኞቿ «አለቃ» ይሏታል፤ እኔም ከእነሱ ለምጄ አለቃ ነው የምላት። እሷ እኔን እትዬ ትለኛለች። በአራት ዓመት እበልጣታለሁ። ባሌ ከሞተ ወዲህ አንድ ቤት ነው የምንኖረው፤ እሷ ሆስፒታል ትውላለች፣ እኔ ጡረታ ወጥቼ ቤት እውላለሁ።

ባለፈው ዓመት መጀመሪያ አዲስ መመሪያ ወጣ። ክፍል የሚመራ ሁሉ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ምስክር ወረቀት እንዲያቀርብ፣ ያላቀረበ ኃላፊነቱን እንዲያስረክብ። አለቃ ትምህርቷን ያቋረጠችው በአሥራ ስድስት ዓመቷ እናታቸው ስትታመም ነው፤ አንድ ሰው ቤት መቅረት ነበረበት፣ የቀረችው እሷ ናት። ቦታዋን ሊረከብ የታሰበው ከንብረት ክፍል የመጣ ሰው ነው። ምስክር ወረቀቱ በመስታወት ተሰቅሎለታል። መጀመሪያ ሊጎበኛቸው የመጣ ቀን የቀዶ ሕክምናውን ጨርቅና የሕፃናቱን አንሶላ አንድ ማሽን ውስጥ ብትከቱት ውሃ ይቆጠብ ነበር ብሎ ምክር ሰጥቷል።

«ደሙንም ለልጆቹ እናካፍላቸው?» አለችው አለቃ። ከዚያ ወዲህ አይነጋገሩም።

ሒሳቡንም ሳይንሱንም በርቀት ትምህርት ተምራ አለፈችው። የቀራት ሥነ ጽሑፍ ነው። ሁለት ጊዜ ወድቃለች፣ ሦስተኛው የመጨረሻ ነው። ፈተናው መጽሐፍ ተዘግቶ የሚሠራ ነው። አንድ የቆየ፣ በየትምህርት ቤቱ የሚነበብ አሳዛኝ ተውኔት አለ፤ ተፈታኙ የተውኔቱን ቃል በጭንቅላቱ ይዞ ገብቶ፣ የትኛው ገቢር፣ የትኛው ትዕይንት፣ ማን እንደተናገረው እየጠቀሰ ይጽፋል። አለቃ መስመሮቹን በቁራጭ ወረቀት ትጽፍና ማጠፊያው ጠረጴዛ ዳር ትደረድራቸዋለች። አንሶላ ስታጥፍ አንድ መስመር ትይዛለች፤ እጥፉ ሲያልቅ መስመሩም ያልቃል። ብልህ ዘዴ ነበር፤ አንዷ ወረቀት ከጨርቁ ጋር እስክትታጠፍ ድረስ።

የነርሶቹ ኃላፊ፣ ሜትሮኗ፣ ጠርታ አቆመቻት።

«ይሄ ማስፈራሪያ ነው ወይስ ቀልድ?»

«አንደኛ ገቢር፣ ሁለተኛ ትዕይንት ነው» አለች አለቃ።

ሜትሮኗ አልሳቀችም። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠቻት፤ ከዚያም እጥበት ክፍል በር ላይ ትልቅ ማስታወቂያ አስለጠፈች፦ ማንኛውም ወረቀት ይዞ መግባት ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ሬዲዮ ማስታወቂያውን አይታ፣ «ይኼስ ወረቀት አይደለም?» ብላ ከነማጣበቂያው ልትገነጥለው ስትል እማማ እጇን ያዘቻት። ሬዲዮ ካውያ ላይ የምትሠራው ወጣቷ ናት። እማማ ጨርቅ የምታጥፈው አሮጊቷ ናት፤ ጡረታዋ ደርሶ አልፏል፣ ማንም አላስታወሳትም፣ እሷም አላስታወሰቻቸውም።

ተውኔቱን ላላነበበ ሰው ባጭሩ ልንገረው። ከተማይቱ በጠላት ተከባለች። ንጉሡ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በሩ ለማንም እንዳይከፈት ያዝዛል። በር ጠባቂው «የራሳችን ሰው ቢመሽበትስ?» ብሎ ሦስት ጊዜ መልእክተኛ ይልካል። ንጉሡ ሦስቱንም ጊዜ መልስ አይሰጥም፤ አንዴ ግብዣ ላይ ነው፣ አንዴ አደን ሄዷል፣ አንዴ ተኝቷል። በአራተኛው ገቢር የበር ጠባቂው ሴት ልጅ ለቁስለኞች ውሃ ልታቀብል ወጥታ ይመሽባታል። በሩን ትመታለች። አባቷ ድምጿን ያውቀዋል። ትእዛዝ ነውና አይከፍትም። ሲነጋ ከፍቶ ሬሳዋን ያገኛል፤ እሱም በገዛ ጦሩ ላይ ይወድቃል። በአምስተኛው ገቢር ንጉሡ በሁለቱ ሬሳ መሃል ቆሞ ረጅም ንግግር ያደርጋል። ከዚያ መጋረጃ ይዘጋል።

ከሥራ ስትመለስ፣ ጀንበር ሳትጠልቅ፣ ወጥ ቤት እንቀመጣለን። መጽሐፉን እኔ እይዛለሁ፣ እሷ በቃሏ ትላለች። እኔ ሳዳምጥ እጄ ሥራ ካልፈታ ደስ ይለኛል፤ ስለዚህ መጽሐፉን በስኳር ዕቃው አስደግፌ ካሮት እልጣለሁ ወይም የልብስ ቁልፍ እተክላለሁ። ስትሳሳት በቢላዋው ጫፍ ጠረጴዛውን መታ አደርጋለሁ። ብዙ መምታት አላስፈለገኝም። አንድ ነገር አንዴ ከሰማች አትረሳም። የወደቀችው በማስታወስ አልነበረም። የመጀመሪያው ጊዜ ዋናው ጥያቄ ላይ ስትደርስ «አልስማማም» ብላ ብቻ ጽፋ ወጣች። ሁለተኛው ጊዜ ጥቅስ ስትደረድር ሰዓት አለቀባት።

ዋናው ጥያቄ በየፈተናው አንድ ዓይነት ነው፤ የቃላቱ ቅደም ተከተል ብቻ ነው የሚለዋወጠው። የበር ጠባቂውን ውድቀት ያመጣው የራሱ ባሕርይ ነው፤ አብራራ። አጋዥ መጽሐፉም መልሱን በሰማያዊ ሳጥን ውስጥ አስቀምጦታል፦ «ጥፋቱ የራሱ ነው። ግትርነቱ ልጁንም ራሱንም አጠፋ።»

«እስኪ ሳጥኑን በይው» አልኳት አንድ ቀን።

«አልልም።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ፈተናው ሦስት ሳምንት ነው የቀረው።»

«ይቅር። ሰውየው ሦስት ጊዜ ጠይቋል። ሦስት ጊዜ፣ እትዬ! ይሄ ነው ግትር?»

መነጽሩን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። መነጽሩ የባሌ ነው። አንዱ ክንዱ ተሰብሮበት በቀጭን የመዳብ ሽቦ ጠምጥሞ ጠግኖታል፤ እሷ ለማንበብ የምታደርገው እሱን ነው። ሌላ መነጽር እናሠራልሽ ስላት ይኼ ይበቃኛል ትላለች። ሁለታችንም ስለምን እንደምንናገር አውቀናል። እኔ ወደ ካሮቱ ተመለስኩ።

ባሌ የሆስፒታሉን ቦይለር የሚጠብቅ ሰው ነበር። እጥበት ክፍሉን የሚያንቀሳቅሰው የእሱ እንፋሎት ነው፤ ወንድሟ እሳቱን ያነድዳል፣ እህቱ በእንፋሎቱ ታጥባለች፤ ሰዎች ይቀልዱባቸው ነበር፣ «የእናንተ ቤተሰብ በአንድ ቧንቧ ነው የሚተነፍሰው» እያሉ። ትርፉን እንፋሎት የሚያስወጣው ቫልቭ ሲበላሽ ይቀየርልኝ ብሎ ለአስተዳደሩ ጻፈ። ዝም አሉት። ደግሞ ጻፈ። ሦስተኛውን እኔው ራሴ በጥሩ ጽሕፈት ገለበጥኩለት። የተሰጠው መልስ በቃል ነበር፦ ኦፕራሲዮን ክፍል ጨርቅ ይፈልጋል፣ እንፋሎት እንዳይቋረጥ። አልተቋረጠም። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ቦይለሩ ፈነዳ።

በሦስተኛው ቀን የሆስፒታሉ ሰዎች አንድ ወረቀት አቀረቡልኝ። ካልፈረምሽ ፋይሉ አይዘጋም፣ ፋይሉ ካልተዘጋ አስከሬኑ አይወጣም አሉኝ። ወረቀቱን የያዘው ሰውዬ አንዴ አነበበልኝ። እኔ የማስበው ባሌ ብርድ እንደማይወድ ነበር፤ ያስቀመጡት ቀዝቃዛ ክፍል ነው። ፈረምኩ። ጥፋቱ የራሱ ነው የሚል እንደነበረ ያወቅኩት ከቀብር በኋላ ነው። ግልባጭ አልሰጡኝም። እሷ ያን ቀን ከወንበሬ ኋላ ቆማ ነበር፤ «አትፈርሚ» ብላኛለች፤ አልሰማኋትም፤ ይኸው ስድስት ዓመት ሆነው።

ፈተናው አንድ ሳምንት ሲቀረው መነጽሩን ረስታው ሄደች። ወረቀት ባይኖርም የማሽኖቹን ቁጥር ለማንበብ ያስፈልጋታል። ከሞተ ወዲህ ያን ግቢ ረግጬው አላውቅም። መነጽሩን በመሐረብ ጠቅልዬ ሄድኩ። የቦይለሩን ቤት እንደገና ሠርተውታል፤ ግንቡ አዲስ ነው፣ በሩ አረንጓዴ ተቀብቷል። አንገቴን ሳላዞር አለፍኩ።

እጥበት ክፍሉ ጫጫታ ነው። አራቱ ማሽኖች ያጉረመርማሉ፣ ካውያው ይተፋል፣ ግድግዳው ላብ ያንቆረቁራል። በዚያ ሁሉ መሃል ሴቶቹ ተውኔት ይጫወታሉ። ወረቀት ሲከለከሉ በድምፅ ያዙት፤ አለቃ አንዴ ትላለች፣ እነሱ ይቀበሏታል። ሬዲዮ የልጅቱን ቦታ ይዛ የካውያውን ጠረጴዛ በጡጫ እየመታች ትጮሃለች፦

«አባቴ ሆይ፣ እኔ ነኝ! ድምፄን አታውቀውምን?»

«ዐውቀዋለሁ» አለች አለቃ አንሶላ እየሳበች። «ዐውቀዋለሁ፣ ልጄ፤ በሩ ግን አያውቀውም።»

«ኧረ ክፈትላት አንተ ጨካኝ!» አለ አንድ ጋሪ የሚገፋ ሰው፤ ሴቶቹ ሳቁ። እኔን ሲያዩ ግን ጸጥ አሉ። እማማ ከመቀመጫዋ ተነሥታ፣ «ነይ ልጄ፣ እዚህ ደረቁ ጋ ተቀመጪ» ብላ የተጣጠፈ ብርድ ልብስ ላይ አስቀመጠችኝ። ማንም ስለ ባሌ አላነሣም። አመሰገንኳቸው፣ በልቤ።

ከዚያ አለቃ ያን ሰማያዊ ሳጥን በንዴት አለችው፤ እንደ ስድብ ነው ያለችው። «ጥፋቱ የራሱ ነው። ግትርነቱ ልጁንም ራሱንም አጠፋ።»

እማማ ጨርቋን ማጠፍ አቆመች። ፊደል የቆጠረችው በሃምሳ ዓመቷ ነው፤ መጽሐፉን አንድም ቀን በእጇ አልያዘችውም።

«ይሄን ያለው ማነው?»

«አጋዥ መጽሐፉ ነዋ።»

«አይደለም። እዚያ ተውኔቱ ውስጥ ማለቴ ነው። ሰምቼዋለሁ። መጨረሻ ላይ ሁለቱ ሬሳ ተጋድሞ አንድ ሰው ይለዋል።»

አለቃ አንሶላውን በአየር ላይ እንደያዘች ቀረች። «ንጉሡ» አለች። «አምስተኛ ገቢር፣ የመጨረሻው ትዕይንት።»

«ታዲያ እሱማ ምን እንዲል ነበር የፈለግሽው?» አለች እማማ። «ተኝቼ ነበር ይበል?»

ሬዲዮ ሳቀች። አለቃ አልሳቀችም። ፊቷ ከአንገቷ ጀምሮ ቀላ። አንሶላውን እንደ ጨርቅ ኳስ ጠቅልላ ጋሪው ውስጥ ወረወረችው፤ በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ የታጠበ አንሶላ ስትወረውር ያዩዋት ያን ቀን ብቻ ነው ይላሉ። «ስንት ዓመት!» አለች። «ስንት ዓመት ሙሉ ልጆቹን የሚያስጠኗቸው የንጉሡን ቃል ነው። ተውኔቱን የጻፈው ሰውዬ መቼ አለ? ንጉሡን አስባለው እንጂ እሱ መቼ አለ!»

እኔ መነጽሩን ሰጥቻት ወጣሁ። ስመለስ በቦይለሩ ቤት በኩል አላለፍኩም።

የፈተናው ዋዜማ ከሰዓት በኋላ የምትለብሰውን ሸሚዝ ስተኩስላት፣ ለስድስት ዓመት ያልነካነውን ነገር ነካሁት። ሳላስበው ነው።

«ነገ የሚፈልጉትን ጻፊላቸውና ውጪ» አልኳት። «ሳጥኑን ገልብጪው። ምን ታጪያለሽ? ቦታሽን አትልቀቂላቸው። ያንን የንብረት ክፍል ሰው እዚያ አስቀምጠሽ ልትሄጂ ነው? የእማማን ጡረታ የሚያስታውሳቸው የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።»

«ልፈርም ነው የምትይኝ?»

«መፈረም አላልኩም።»

«ያው ነው። አንቺ ፈረምሽ፣ አሁን ደግሞ እኔ ልፈርም? ለሁለት እንፈርምበት?»

ካውያውን አቆምኩ። ሸሚዙ ላይ ትቼው ቢሆን ኖሮ ያቃጥለው ነበር፤ ትዝ ይለኛል፣ በዚያ ሰዓት እንኳን ስለ ሸሚዙ አስቤያለሁ።

«እኔ የፈረምኩት አስከሬኑን ለማውጣት ነው» አልኩ።

«ዐውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ዐውቃለሁ፤ ግን ተናድጃለሁ። በአንቺ አይደለም። በአንቺም ነው። ምን ላድርግ፣ እትዬ? አይወጣልኝም።»

ተኩሼ የጨረስኩትን ሸሚዝ መስቀያ ላይ ሰቀልኩት። እራት በላን፣ ሳህኑን አጠበች፣ እኔ አደረቅኩ።

በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ገብታ ከቀትር በፊት ወጣች። እኔ ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ የድንጋይ መቀመጫ ላይ ጠብቄአታለሁ። አብረዋት የተፈተኑት የልጅ ልጆቿ ሊሆኑ የሚችሉ ናቸው፤ አንዷ ልጅ ስትወጣ እያለቀሰች ነበር፣ አለቃ ትከሻዋን ይዛ አንድ ነገር አለቻትና ወደኔ መጣች። ጣቶቿ ላይ ቀለም አለ።

«እሺ?» አልኳት።

«ያው ጥያቄ ነው።»

«እና?»

«መጀመሪያ ሰማያዊውን ሳጥን ገለበጥኩት። ቃል በቃል። ከዚያ በታች፣ ይህን የተናገረው ንጉሡ ነው፣ አምስተኛ ገቢር፣ ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ሦስቱን መልእክቶች ደረደርኩ፤ ገቢሩን፣ ትዕይንቱን፣ መልእክተኛው ተመልሶ ያለውን። ግብዣ ላይ ናቸው። አደን ወጥተዋል። ተኝተዋል። ከዚያ ጥቂት መስመር ጨመርኩ።»

«ምን ብለሽ?»

«በር ጠባቂው በሩን ባለመክፈቱ አጥፍቷል፤ ልጁ ናት፣ መክፈት ነበረበት። ይህን አልክድም። ነገር ግን ስለ ጥፋቱ እንዲናገር የተፈቀደለት ሰው፣ በር ጠባቂው ጠይቆት መልስ የነፈገው ያው ሰው ነው፤ እኛም ያን ሰው አምነን ለልጆች እናስተምራለን።»

እውነቴን ነው የምለው፣ ፈርቼ ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ የእኔ ፍርሃት ከእሷ ንዴት ጋር አንድ ወጥ ቤት ውስጥ ኖሯል፤ አንዱ አንዱን አላሸነፈውም።

ውጤቱ የመጣው ከሁለት ወር በኋላ ነው። ማለፊያው ሃምሳ፣ የእሷ ሃምሳ ስድስት። ፈታኙ ተስማምቶ ይሁን፣ ጥቅሱን ብቻ ቆጥሮ ይሁን፣ የሚነግረን የለም። ሜትሮኗ እጇን ጨበጠቻት። ሬዲዮ ያን የወረቀት ማስታወቂያ በመጨረሻ ገነጠለችው፤ ማንም የጠየቃት የለም። የንብረት ክፍሉ ሰው ወደ ንብረቱ ተመለሰ። እማማ አሁንም ታጥፋለች።

አለቃ ግን ደስ ያላት አትመስልም ነበር። ምስክር ወረቀቱን ይዛ መጥታ ዳቦ መክተፊያው ላይ አስቀመጠችው፤ እንዳይቀባ ብዬ አነሣሁት። «አለፍኩ» አለች። «ታዲያ ምን ይሁን? በር ጠባቂውማ በመጽሐፍ ያለ ሰው ነው።»

ያን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እጇን ታጥባ ከፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ ንጹሕ ወረቀት አምጪ። እስክሪብቶም።»

አመጣሁ። መነጽሩን ከአንገቷ አውልቃ ወደኔ ገፋችው። «አንቺ አድርጊው። ለኔ አያስፈልገኝም።»

ከዚያ ዓይኗን ጨፍና ጀመረች። የደብዳቤ ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ ጉዳዩን። «ሟች የግፊት መለኪያው ከቀይ መስመር ማለፉን እያየ እሳቱን ባለመቀነሱ የደረሰው አደጋ በራሱ ቸልተኝነት የተፈጠረ ነው።» ከወንበሬ ኋላ ቆማ አንዴ የሰማችውን፣ አንድ ገጽ ከሩብ፣ አንዲት ቃል ሳትፈልግ። ስድስት ዓመት ይዛው ነበር። አንሶላ ስታጥፍ ይዛዋለች፣ ሳህን ስታጥብ ይዛዋለች። እኔ እጽፋለሁ። መነጽሩ ለኔ ትንሽ ይሰፋኛል፤ የመዳብ ሽቦው ከጆሮዬ ጀርባ ይቀዘቅዛል። ወረቀቱን ያዘጋጁትን የሦስቱን የኮሚቴ አባላት ማዕረግ ተናገረች። የኔን ስምና ፊርማም ተናገረች፤ ድምጿን ዝቅ አላደረገችም፣ ከፍም አላደረገችም።

መልሼ እንዳነብላት ጠየቀችኝ። አነበብኩ።

«"እያየ" የሚለውን ዘለልሽው» አለች።

አስገባሁት። ሦስቱን የቫልቭ ማመልከቻዎች ደግሞ እኔ ነኝ የማውቃቸው፤ ሦስተኛውን በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት። እነሱን ከሥር በተራ ጻፍኳቸው፤ መቼ እንደተጻፉ፣ ለማን እንደተሰጡ። ሁለተኛው ማመልከቻ የተጻፈበትን ቀን ማስታወስ አቃተኝ። በኋላ ትዝ አለኝ፤ የቤታችንን ጣሪያ የቀየርንበት ሳምንት ነበር፣ እጁ ላይ ሬንጅ ነበረበት፣ ወረቀቱን አቆሽሾት እንደገና ገልብጦታል።

«መጀመሪያው ላይ ምን ልበል?» አልኳት። «ሰው ፋይል እንደገና ይከፈትልኝ ብሎ ማመልከቻ ሲጽፍ ከምን ይጀምራል?»

«ያን ወረቀት ማን እንደጻፈው ከመናገር ጀምሪ።»

እንዲያ ብዬ ጀመርኩ። ስጨርስ ቀኑን ጻፍኩና ሙሉውን ከላይ እስከ ታች፣ ጮክ ብዬ፣ እያንዳንዷን ቃል አነበብኩት። ከዚያ ፈረምኩ።